ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በብስክሌት፦ ስለ በጎ አድራጎት የቡድን ጉዞ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው፣ በጋሞ ደጋ ለሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዴስክና የማንበቢያ መጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ እስከ አርባ ምንጭ በብስክሌት ለመጓዝ ማሰባቸውን ጽፈውልናል። ሐሳባቸው ከተሰማ ወዲህ አብረዋቸው ሊሄዱ፣ ሊያግዟቸው ወይም ሊቀበሏቸው ከሚፈልጉ ሰዎችም ደብዳቤዎች ስለ ደረሱን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዐሥራ ስድስት ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ብስክሌት አዘውትሮ የሚነዳው ግማሹ እንኳ አይሆንም። መንገዳችንን በሞጆና በሻሸመኔ በኩል እናድርገው ወይስ በቡታጅራና በሆሳዕና? ስንት ቀን እንመድብ? ወሩስ የትኛው ቢሆን ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል የሚሄደውን መንገድ ብትመርጡ ይሻላችኋል። ሞጆ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለበት ከተማ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱ በኩል ወደዚያ የሚያደርሰው ነባር መንገድ ወደ ጅቡቲ በሚሄዱና ከጅቡቲ በሚመለሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች የተጨናነቀ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ደግሞ ለብስክሌት የተከለከለ በመሆኑ አማራጭ አይሆናችሁም። ይህን ስል የቡታጅራው መስመር ጭር ያለ ነው ማለቴ አይደለም። አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ በየከተማው መግቢያ ባጃጁም አለ፤ በገበያ ቀን ከብቱና አህያው መንገዱን ይሞላዋል። ይሁን እንጂ ርዝመቱ ከ430 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እምብዛም የማይርቅ፣ ምግብና ውኃም ጎሚስታም የማይታጣበት መንገድ በመሆኑ፣ ለጀማሪዎች ቡድን ወደ ደቡብ ከሚወስዱት መስመሮች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ካርታ ብቻ ያየ ሰው ጉዞው ሁሉ ቁልቁለት ይመስለዋል። እንደዚያ ግን አይደለም። መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ለመሻገር ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ጢያ ትወጣላችሁ፤ ከቡታጅራ ወዲያም እስከ ሶዶ ድረስ ያለው ደጋ በወንዝና በሸለቆ የተቆራረጠ በመሆኑ አንዱ ዳገት ሲያልቅ ሌላው ይቀበላችኋል። ትልቁ ቁልቁለት የሚመጣው ከሶዶ በኋላ፣ እግራችሁም የፍሬናችሁ ጎማም ከደከመ በኋላ ነው። ስለዚህ የየቀኑን ጉዞ ስትመድቡ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትመልከቱ።

እኔ የምመክረው ስድስት የመንጃ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ነው። ብስክሌቶቹን በጭነት መኪና እስከ ዓለም ገና አድርሳችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ መሄድ ለፎቶ ያምራል፣ ነገር ግን ቡድኑ ገና ባልተላመደበት ሰዓት የከተማውን ትራፊክ መጋፈጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የመጀመሪያውን ቀን ጢያ ላይ አብቁት። ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩ ናቸውና ከሰዓት በኋላውን በዚያ ማሳለፍ አይቆጭም። ማደሪያው ለሁላችሁም ካልበቃ በመኪና ቡታጅራ ሄዳችሁ አድራችሁ፣ በማግስቱ ካቆማችሁበት ቦታ ቀጥሉ። ሁለተኛው ቀን እስከ ወራቤ፣ ሦስተኛው አጠር ብሎ እስከ ሆሳዕና ይሁንና እዚያ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፉ። ከሆሳዕና በአረካ በኩል እስከ ሶዶ ያለው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የጉዞው ሁሉ ከባዱ ቀን ስለሚሆን፣ ዕረፍቱ ከእርሱ በፊት መሆኑ ይጠቅማችኋል። ከሶዶ በሁምቦ በኩል ቆላውን ወርዳችሁ ምዕራብ አባያ ታድራላችሁ፤ ከዚያ እስከ አርባ ምንጭ፣ የጋሞን ተራሮች በቀኝ፣ የአባያን ሐይቅ በግራ እያያችሁ የምትነዱት አጭር መንገድ ይቀራችኋል። ሙቀቱ ቢፈትናችሁም ወደ ሐይቁ ገብታችሁ ለመታጠብ እንዳታስቡ፤ አባያም ጫሞም አዞ የበዛባቸው ናቸው።

ወሩን በተመለከተ፣ ክረምቱ መስከረም ላይ አበቃ ብላችሁ ቶሎ አትነሡ። የአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናብ ከአዲስ አበባው የተለየ ነው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፣ ሁለተኛው ደግሞ በመኸር ወራት ተመልሶ ይመጣል። በመስቀል ሰሞን የጉራጌ ተወላጅ በሙሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ የቡታጅራ መንገድ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል፤ በአረፋ በዓል ሰሞንም በስልጤ በኩል እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ምረጡ። በዚህ ወቅት በቆላው የወባ ትንኝ ገና ስለማይጠፋ፣ ከሶዶ በኋላ ለምታድሩባቸው ሌሊቶች አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰውም ጉንፋን ነው ብሎ ሳይዘገይ ይመርመር።

የጸጥታውን ጉዳይ በወሬ አትወስኑት። ለምታልፉባቸው ዞኖችና ወረዳዎች አስተዳደርና ፖሊስ ከወር በፊት ደብዳቤ አስገቡ፤ ከመነሣታችሁ ከሳምንት በፊት፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ቀን ዋዜማ ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ ቁራጭ መንገድ አጠራጣሪ ነው ከተባላችሁ ብስክሌቶቹን ጭናችሁ በመኪና እለፉት፤ ጠቅላላው አጠራጣሪ ከሆነም ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።

ጥያቄ፦ የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመርጫለሁ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ ለነዳጅ፣ ለአልጋና ለምግብ መክፈል ተገቢ ነው? አንዳንድ ለጋሾች ደግሞ “ለተነዳው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ” እያሉ ቃል ይገባሉ፤ ይህን እንዴት እንያዘው? ሕጋዊ ፈቃድስ ያስፈልገናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም የብዙ በጎ ሐሳብ መበላሻ የሆነውን ጉዳይ ገና ከጅምሩ አንሥቷል።

ከለጋሾች ገንዘብ ላይ ለጉዞው አንድ ብር እንኳ ባይወጣ እመርጣለሁ። ዴስክ ይገዛበት ብሎ የሰጠ ሰው ለእናንተ አልጋ አልሰጠም። የነዳጁን፣ የሾፌሩን አበል፣ የአልጋውን፣ የምግቡንና የመድኃኒቱን ወጪ አስቀድማችሁ ገምቱ፤ ለመጠባበቂያ ጥቂት ጨምሩበትና ለዐሥራ ስድስት አካፍላችሁ እያንዳንዱ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት ይክፈል። አቅም የሌለው ተጓዥ ካለ የተሻለ የሚያገኙት ከኪሳቸው ይሸፍኑለት እንጂ ከዴስኩ ገንዘብ አይነካ። የንግድ ድርጅቶችን ስትጠይቁ ውኃ፣ ነዳጅ ወይም መኪና በዓይነት እንዲሰጡ ጠይቁ። ሁለት መዝገብ ይኑር፤ የጉዞው ለብቻ፣ የትምህርት ቤቱ ለብቻ።

ይህ የማይቻል እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ፓን ማስ ቻሌንጅ የሚባል የብስክሌት ጉዞ አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት 36 ሰዎች ብቻ ነበሩበት። ዛሬ ብስክሌተኞቹ የሚያሰባስቡት ገንዘብ በሙሉ ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም የሚሄድ ሲሆን፣ የዝግጅቱ ወጪ ከምዝገባ ክፍያና ከድርጅቶች ድጋፍ ይሸፈናል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለኤድስ ሕሙማን በተዘጋጁ አንዳንድ ትልልቅ የብስክሌት ጉዞዎች ላይ ግን፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ብዙው ለዝግጅት ዋለ የሚል ብርቱ ወቀሳ ተነሥቶ ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ዘወትር የሚጠይቀው ምን ያህሉ ለታለመለት ሰው እንደ ደረሰ ነው።

በኪሎ ሜትር የሚሰጠውን የስጦታ ቃል በተመለከተ አጥብቄ እቃወማለሁ። ለለጋሹ ጨዋታ ያክላል፣ ለብስክሌተኛው ግን ከባድ ሸክም ነው። ከሆሳዕና ተነሥቶ አረካ ሳይደርስ ተቅማጥ የያዘው፣ ጉልበቱ ያበጠ ወይም ራሱን ያዞረው ሰው “አሁን መኪና ላይ ብወጣ የልጆቹ ዴስክ ይቀንሳል” ብሎ ካሰበ፣ መውረድ ባለበት ሰዓት አይወርድም። አደጋውም የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለጋሾች ቁርጥ ያለ መጠን እንዲሰጡ፣ ገንዘቡንም ከጉዞው በፊት እንዲያስገቡ ጠይቁ፤ በቃል መግቢያው ወረቀት ላይም “ይህ ስጦታ ተጓዡ በነዳው ርቀት አይወሰንም” የሚል ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። ቃል የተገባ ገንዘብ ከጉዞው በኋላ ለመሰብሰብ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ቀድሞ መግባቱ ለእርስዎም ለገንዘብ ያዡ ዕረፍት ይሰጣል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በግል የባንክ ሒሳብ ወይም በግል የቴሌብር ቁጥር ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ሰብሳቢው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ለጥርጣሬም ለተጠያቂነትም ይዳርጋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚቋቋሙ የበጎ አድራጎት ኮሚቴዎችን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ፈቃዱን በተመለከተ ወደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ጊዜ ካጠራችሁ ግን በትምህርት ላይ የሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ፈልጋችሁ፣ ገንዘቡ በቀጥታ በእርሱ ሒሳብ እንዲገባና ለለጋሾች በእርሱ ደረሰኝ እንዲሰጥ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ለአንድ ጊዜ ጉዞ ይህ ሁለተኛው መንገድ ይቀላል። ውሉ የዴስኩን ብዛት፣ የመረከቢያውን ቀንና ገንዘብ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል ምን እንደሚደረግ ይግለጽ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ከቡድኑ ጋር ካልሄድኩ ብሎ አስቸግሮኛል። ብስክሌት መንዳት ይችላል። ልፍቀድለት? (ከአዳማ)

መልስ፦ አባት ሆነው መስጋትዎ ተገቢ ነው። እኔ ብሆን ሙሉውን ጉዞ አልፈቅድለትም፤ ሰፈር ውስጥ መንዳትና አይሱዙ በክንድ ርቀት እያለፈ ተከታታይ ቀናት መንዳት ፈጽሞ አይገናኙም። እርስዎ ወይም የቅርብ ዘመድ አብራችሁ ከሄዳችሁ ግን ከምዕራብ አባያ እስከ አርባ ምንጭ ባለው የመጨረሻ ቀን ይሳተፍ፤ እስከዚያ ድረስ በአጃቢ መኪናው ላይ ውኃ አዳይና መዝጋቢ ቢሆን ብዙ ይማራል። የራስ ቁር ሳያደርግ ግን አንድ ኪሎ ሜትርም አይንዳ።

ጥያቄ፦ ፒክአፕ አለኝ፣ ቡድኑንም እንዳጅብ ተጠይቄአለሁ። የአደጋ ጊዜ መብራቴን እያበራሁ ከኋላቸው በዝግታ መከተል ይበቃል? (ከሰበታ)

መልስ፦ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፣ እኔ ግን አልመክርም። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በጠመዝማዛ ዳገት ላይ ከብስክሌተኛ የበለጠ መንገድ ይዘጋል፤ ከኋላው የተደረደረው አሽከርካሪም ትዕግሥቱ ሲያልቅ እይታ በሌለበት ኩርባ ይቀድማል፣ ያን ጊዜ የሚጎዱት ከፊትዎ ያሉት ብስክሌተኞች ናቸው። ከከተማ መውጫና በፖሊስ ከሚታጀቡባቸው ቦታዎች በስተቀር፣ ቡድኑን ቀድመው 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከአስፋልቱ ወጥተው ይቁሙ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ይጠብቁና እንደገና ይቅደሙ። ሁለት መኪና ከተገኘ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው በዚሁ መልክ ይቀባበሉ።

ብስክሌተኞቹም የራሳቸው ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። ዐሥራ ስድስት ሰው በአንድ ረዥም ሰልፍ ከተጓዘ የሚቀድመው መኪና መሐል ላይ የሚገባበት ያጣል፤ ስለዚህ በሦስት ትንንሽ ቡድን ተከፍለው፣ በቡድኖቹ መካከል አንድ የጭነት መኪና ሊገባ የሚችልበት ሰፊ ክፍተት ትተው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆነው ይንዱ። ከሁሉም በስተኋላ የሚነዳ አንድ ብርቱና ታጋሽ ሰው ይመደብ፤ ይህ ሰው ማንንም እንዳይቀድም፣ ማንንም ከኋላው እንዳይተው ይታዘዝ። ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ተጓዥ ይሁን። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ መውረድ የጎማውን ቸርኬ ስለሚያግል፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ በመካከልም ቆም እያሉ ይውረዱ።

ከመኪናዎ ላይ የማይታጡ ነገሮች አሉ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ፓምፕ፣ ሰንሰለት መፍቻ፣ ትርፍ የፍሬን ሽቦ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ በጀሪካን የተሞላ ንጹሕ ውኃና በየከተማው የሚገኙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ስልክ ቁጥር ይያዙ። አንድ ሰው ወድቆ ራሱን ከመታ፣ ቢነሣና “ደህና ነኝ” ቢልም፣ የዚያ ቀን መንዳቱ አብቅቷል፤ ይህን የመወሰን ሥልጣን ለእርስዎ ወይም ለቡድኑ የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ይሰጥ።

ጥያቄ፦ ጉዞው በገና ጾም ሊውል ነው። ጾመኛ ሆኖ በቀን 80 እና 90 ኪሎ ሜትር መንዳት ይቻላል? ምን እንብላ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ችግር አይሆንም፤ ለብስክሌተኛ የሚስማማው ምግብ ከሞላ ጎደል የጾም ምግብ ነው። ማታ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ፣ ድንችና ሩዝ በደንብ ይበላ፤ ጠዋት ዳቦ በሻይ ወይም የጾም ፍርፍር ይበቃል። በመንገድ ላይ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በሶ ነው። ከገብስ ስለሚዘጋጅ ኃይል ይሰጣል፣ አይበላሽም፣ በውኃ ተበጥብጦ ጨውና ስኳር ከተጨመረበት ምግብም መጠጥም ይሆናል፤ በባዕድ ማሸጊያ የሚሸጠውን ውድ የብስክሌተኛ ዱቄት ፍለጋ አትድከሙ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዙ፣ ከሶዶ ወዲያ ደግሞ ሙዝ በየመንገዱ ዳር ታገኛላችሁ። እስኪርባችሁ ሳትጠብቁ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ቅመሱ።

ውኃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ይጠጣ፣ በቆላው ሙቀት ከዚያም በላይ። ላቡ እየወረደ ለረዥም ሰዓት ንጹሕ ውኃ ብቻ የሚጠጣ ሰው የሰውነቱ ጨው ስለሚያንስ ይደክማል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ወይም ጨው ያለበት በሶ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱት ጾመኞች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ሙቀቱን ለማምለጥ ቡድኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ እስከ ስድስት ሰዓት መንገዱን መጨረስ ስለሚኖርበት፣ መንዳቱና ከምግብ መከልከሉ በአንድ ሰዓት ላይ ይገጥማሉ። ባዶ ሆድ ሆኖ አምስትና ስድስት ሰዓት ዳገት መውጣት አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ተጓዥ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይመካከር፤ ጾሙን እንዳለ ሊጠብቅ ከወሰነም በመኪናው በኩል ያግዝ እንጂ ማንም አይጫነው። በቡድኑ ውስጥ ሙስሊሞች ካሉም ቀኑ ሲቆረጥ የረመዳንን ወር ተመልከቱ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ በቅርብ ዓመታት ከበጋው ወራት ጋር ይገጣጠማል።

ጥያቄ፦ ሆሳዕና ላይ ልቀላቀላቸው አስቤአለሁ። ሴት ነኝ፤ በቡድኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሦስት ብቻ እንደ ሆኑ ሰምቻለሁ። ከመነሣቴ በፊት አስተባባሪዎቹን ምን ልጠይቃቸው? (ከሆሳዕና)

መልስ፦ ይቀላቀሉ፤ ከዕረፍቱ በኋላ ያለው ክፍል ከባድ ቢሆንም በጣም የሚያምረው እርሱ ነው። ከመነሣትዎ በፊት ግን የሴቶቹ ማደሪያ በየከተማው ለብቻና አስቀድሞ መያዙን፣ የማረፊያ ቦታዎቹ መጸዳጃ ያለባቸው ምግብ ቤቶች ወይም ማደያዎች መሆናቸውን፣ በመጀመሪያ ዕርዳታው ሣጥን ውስጥ የንጽሕና መጠበቂያ መኖሩን ይጠይቁ። ወንዶች ብቻቸውን ዕቅድ ሲያወጡ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ሲረሱም ሴቶቹ መጸዳጃ ላለመፈለግ ሲሉ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ፣ ያ ደግሞ በቆላው ሙቀት ለጤና ያሰጋል። ከአስተባባሪዎቹ መካከል ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን አጥብቀው ይጠይቁ። በልብስ በኩል የብስክሌት ቁምጣው ላይ ሰፋ ያለ ሱሪ ቢደርቡበት፣ በየከተማው ሲወርዱ ሳይጨነቁ ገበያም ምግብ ቤትም ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ እያሰባሰብን ነው፤ እኔም መጥቼ ብነዳ ደስ ይለኛል። ብስክሌቴን ላምጣ? ገንዘቡንስ ይዤ ልምጣ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ገንዘቡን በእጅዎ ይዘው አይምጡ፤ በባንክ በኩል በቀጥታ ወደ ተመዘገበው ድርጅት ሒሳብ ይላክ። ጓደኞችዎ ከግብር የሚቀነስላቸው መስሏቸው ከሆነም አስቀድመው ያስረዷቸው፦ በአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ የሚቀነሰው እዚያው አገር ዕውቅና ላለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ኮሚቴ በቀጥታ የተላከው አይቀነስም። ዕውቅና ያለው የአካባቢያችሁ ማኅበር ጉዳዩን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ከሆነ የሁለቱም ወገን መዝገብ የተስተካከለ ይሆናል።

ብስክሌቱን ካመጡ ትርፍ የውስጥና የውጭ ጎማ አብረው ያምጡ፤ በየከተማው በቀላሉ የሚገኘው በአብዛኛው ለ26 ኢንች ብስክሌት የሚሆነው ስለሆነ፣ የእርስዎ ቀጭን ጎማ ሆሳዕና ላይ ቢፈነዳ ምትክ ላያገኙ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ግን ሰውነትዎን ያስቡ። ሜሪላንድ ላይ በየቅዳሜው 100 ኪሎ ሜትር ቢነዱም፣ አዲስ አበባ በገቡ በማግስቱ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል። ቢያንስ ሳምንት ቀድመው ይምጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በእግር እየሄዱ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ እየነዱ ከአየሩ ጋር ይላመዱ።

ጥያቄ፦ ዴስኩ የሚገዛለት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ተማሪዎችን አሰልፈን በዘፈን ልንቀበላቸው እያዘጋጀን ነው። ሌላስ ምን ብናደርግ ይሻላል? (ከጋሞ ዞን)

መልስ፦ መምህር፣ ደስታችሁ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ልጆቹ ከክፍል ወጥተው በፀሐይ እንዲቆሙ አታድርጉ። ብስክሌተኞች በቀጠሮ ሰዓት አይደርሱም፤ አንድ ጎማ ከፈነዳ ሁለት ሰዓት ሊዘገዩ ይችላሉ፣ ልጆቹ ደግሞ የመማሪያ ቀናቸውን አጥተው ይጠብቃሉ። ቡድኑ አርባ ምንጭ ገብቶ ካረፈ በኋላ በማግስቱ በመኪና ወደ እናንተ ቢወጣና፣ ርክክቡ በዕረፍት ሰዓት ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች ኅብረት ጋር በአጭሩ ቢፈጸም ይበቃል። የልጆቹን ፎቶግራፍ ለማንሣት ከፈለጉ ወላጆቻቸው ይጠየቁ፤ የድህነታቸውን መልክ ለማሳየት ተብሎ የሚነሣ ፎቶግራፍ ካለ ይከልክሉ፣ መብትዎም ግዴታዎም ነው።

ከአቀባበሉ ይልቅ አሁን ልትረዷቸው የምትችሉት በሌላ መንገድ ነው። ስንት ዴስክ እንደ ተሰበረ፣ ስንቱ እንደሚጠገን፣ ለየትኞቹ ክፍሎች በምን ቁመት እንደሚያስፈልግ ቆጥራችሁ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተማምናችሁ ጻፉላቸው፤ ለአንደኛ ክፍል ልጅ የስምንተኛ ክፍል ዴስክ አይሆነውም። መጻሕፍቱም በምን ቋንቋና ለየትኛው ክፍል እንደሚፈለጉ ዘርዝሩ። ዴስኮቹ አርባ ምንጭ ባሉ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ቢሠሩ የመጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል፣ ሲሰበሩም ጠጋኙ ቅርብ ይሆናል፤ የሦስት ሥራ ቤቶችን ዋጋ ጠይቃችሁ ብትልኩላቸው ገንዘብ ያዡ ያመሰግናችኋል።

ሌላም የምጠይቅዎት ነገር አለ። በመንገድ ዳር ያሉ ልጆች ብስክሌተኛ ሲያዩ መሮጥ፣ ገንዘብ መጠየቅ፣ አንዳንዴም ድንጋይ መወርወር እንደሚያዘወትሩ በዚህ አገር የነዳ ሁሉ ያውቃል። ቡድኑ በሚያልፍባቸው ከተሞች የምታውቋቸው መምህራን ካሉ ጉዞው ለምን እንደሚካሄድ ለተማሪዎቻቸው አስቀድመው እንዲነግሯቸው አድርጉ፤ ተጓዦቹም በበኩላቸው ልጆች ባሉበት ቀዝቀዝ ብለው ሰላምታ እየሰጡ ይለፉ፣ ከብስክሌት ላይ ብርና ከረሜላ መወርወርን ግን ፈጽሞ ይተዉ፤ ልጆቹን ወደ ጎማው የሚስባቸው እርሱ ነው።

ርክክቡ ሲፈጸም የዴስኩ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የዚያው ወረቀት ቅጂ ከደረሰኞቹ ጋር በአንድ ወር ውስጥ ለገንዘብ ያዡ ይላክለት፤ እርሱም ለእያንዳንዱ ለጋሽ ያደርሰዋል።